ሌባ ሻይ ከኮፈን ሥር

ድሮ ዕቃ ሲጠፋ ሌባ ሻይ ይመጣ ነበር። ልጁ መድኃኒት ተግቶ፣ ወገቡ በገመድ ታስሮ፣ መንደሩን እየተንገዳገደ ይዞራል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ዕዳውን ይከፍላል። ልማዱ ቀርቷል ይባላል እንጂ ኮፈን በተከፈተ ቁጥር ብቅ ማለቱን አልተወም። መኪናው ሞቀ፤ ፋኑ አልዞረም፤ በቃ፣ ሌባው የፋኑ ሞተር ነው። ይወርዳል፣ ከሶማሌ ተራ «ያገለገለ ኦሪጅናል» ይገዛል፣ በማግሥቱ መኪናው ሜክሲኮ አደባባይ ላይ እንደገና ይፈላል። እኔ የምለው፣ ፋኑ ከመቀጣቱ በፊት አውጫጭኝ ይደረግ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የገዛ ግቢ፣ ሁለት ሽቦና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃሉ።

የመጀመሪያው ምስክር መንገዱ ነው። መኪናው መብራት ላይ ቆሞ እየሞቀ፣ ሲለቀቅና ነፋስ ሲያገኝ የሚበርድ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፋኑ ያዘነብላል። በፍጥነት እየተነዳ የሚሞቅ ከሆነ ግን ፋኑን ተዉት፤ ያን ጊዜ ሥራውን ነፋሱ እየሠራለት ስለሆነ ራዲያተሩን፣ ቴርሞስታቱን ወይም የውሃ ፓምፑን ጠይቁ። ቀጥሎ ሞተሩ በርዶ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ የፋኑን ሶኬት ነቅሎ ክንፉን በጣት ማዞር ነው። ሳይከብድ ከዞረ፣ ፊውዝ ባለበት ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ ይሰጠው። ከተነሣ ነጻ ነው። ዝም ካለ ጀርባውን በመፍቻ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ነው፤ በዚህ ከነቃ ውስጡ ያለው ካርቦን ሳያልቅ አይቀርም፣ ክሱም እውነት ነው። ሞተሩ ነጻ ከወጣ ግን ተራው የአዛዦቹ ነው፦ የፊውዙ፣ የሪሌውና የሙቀት ሴንሰሩ። ሪሌውን ለመፈተን ቁጥሩና እግሩ አንድ የሆነ ሌላ ሪሌ መዋስ ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው የክላክሱ ነው። የአዲስ አበባ ሾፌር ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ነው፤ ሞተሩ ይቃጠል ወይስ ክላክሱ ዝም ይበል? ሴንሰሩን በተመለከተ፣ በብዙዎቹ የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶዮታዎች ቁልፉ በርቶ ሶኬቱ ሲነቀል ፋኑ መዞር አለበት፤ ሽቦ ቢበጠስ ሞተር ከሚቃጠል ፋን በከንቱ ይዙር ተብሎ ነው የተሠራው።

«አዲስ አበባ ብርድ ናት፣ ፋን ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚህ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ያልታፈነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የብዙ መኪና ፋን የሚነሣው ደግሞ 93 ወይም 95 ላይ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ላስቲኩ ደኅና ሲሆን ግፊቱ መፍያውን ከ110 በላይ ስለሚያደርሰው ጣጣ የለም። ላስቲኩ ሲያረጅ ግን የተሞላው የቧንቧ ውሃ ፋኑ ገና ሳይታዘዝ ይንተከተካል። ባለመኪናው ኮፈኑን ከፍቶ የሚያየው የቆመ ፋን ነው፤ ፋኑ በበኩሉ ሰዓቱን እየጠበቀ ነው። ጥፋተኛው ክዳን ከሁሉም ርካሽ ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። (ሞተሩ ሳይበርድ የሚከፍተው ሰው ካለ ፊቱን አይወደውም ማለት ነው።)

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ «ይህ ሁሉ ምርመራ ለምን? ዳይሬክት አድርገው!» ከባትሪ ወደ ፋኑ ሽቦ ዘርግቶ ከዳሽቦርዱ ሥር ማብሪያ መትከል ማለት ነው። ዳይሬክት ተደርጎ ዓመታት የሚሠራ ታክሲ መኖሩን አልክድም፤ ዓባይ በረሃ ዳገት ላይ ለቆመ መኪና ጎሃ ጽዮን የሚያደርስ መፍትሔም ነው። ችግሩ ቤት ከተደረሰ በኋላም እንደዚያው መቅረቱ ነው። ዲናሞው ያለ ምክንያት ይሸከማል፣ ፊውዝ ካልተደረገለት ደግሞ የተያዘ ሞተር ሽቦውን እስከ ማንደድ ይደርሳል። ከዚያም በላይ ሴንሰር መሥራት የነበረበትን ሥራ አሁን የሚሠራው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ በስልክ እያወራ ይረሳል። ያው መኪና ሲሸጥ ደላላው ስለ ጎማው፣ ስለ ቀለሙ፣ «ሴት የያዘችው» ስለመሆኑ ሳይሰለች ያወራል፤ ገዢው ስለ ማብሪያዋ የሚሰማው ቴስታታው ከተጣመመ በኋላ ነው።