ከደለስ እስከ ዘመድ ቤት

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ዲሲ የሚበር መንገደኛ የአውሮፕላኑ ጎማ መሬት ሲነካ «ደረስኩ» ብሎ ቢያማትብ አይፈረድበትም። ግን ገና ነው። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ ከመሀል ከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከቦሌ ቢሾፍቱ እንደመሄድ በሉት። ይህን ቀሪ መንገድ በምን እንደሚሄድ ሰው ሁሉ በዶላር ያሰላል። እንደ እኔ ከሆነ ግን ከክፍያ ሁሉ ቀላሉ ዶላር ነው።

ከባቡሩ ልጀምር። ማረፊያው እ.ኤ.አ. በ1962 ተከፈተ፤ የሜትሮው ሲልቨር ላይን ግን እዚያ የደረሰው በ2022 ነው። 60 ዓመት አርፍዶ! ሐበሻ ቀጠሮ አያከብርም ለሚለን ሰው መልሱ ይኸው። ባቡሩ ርካሽ ነው፤ የመንገድ መጨናነቅ አያውቅም፤ አንድ ሰዓት ገደማ ተጉዞ መሀል ከተማ ያደርሳል። ደስ የሚለው ደግሞ «የማን ልጅ ነህ?» አይልም። ችግሩ፣ ሻንጣም አያነሳም። ሐበሻ የሚበዛበት ሲልቨር ስፕሪንግ ለመሄድ ሜትሮ ሴንተር ወርዶ ወደ ቀዩ መስመር መዛወር ግድ ነው። እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይዞ ይህን ማድረግ ጂም መግባትን ያስንቃል። በዚያ ላይ ሻንጣው ውስጥ ያለው በርበሬ ስለሚሸት፣ ፉርጎው ውስጥ ያለው ሁሉ እንግዳ መምጣቱን ያውቃል።

በስልክ የሚጠራው መኪና ይሻላል የሚሉ አሉ። ዋጋው አስቀድሞ ይታወቃል፤ ሰው ሲበዛ ግን አሻቅቦ ይጠብቃችኋል።

ዘመድ በነፃ ይወስዳል። ወደ ማረፊያው የሚወስደው ልዩ አውራ ጎዳና እንኳ ለአየር መንገደኛና ለተቀባዩ ያለ ክፍያ ክፍት ነው። ነፃ ጉዞ ግን ዕዳ አለው። አክስቴ ከሥራ ቀርታ መጥታለች፤ ይህም ለዓመታት ይወሳል። መኪናው ውስጥ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደተፋታ፣ ቤት ኪራይ ስንት እንደገባ ሪፖርት ይቀርባል። ሻንጣው ተከፍቶ ሽሮው ከተከፋፈለ በኋላ «ይቺው ናት?» የምትል ጥያቄ ትከተላለች። በታክሲ መሄድ ደግሞ ኩርፊያ አለው፤ «ዘመድ የለህም እንዴ?»

ስለዚህ አንድ ጊዜ መምጫዬን ለማንም ሳልነግር ወደ ሆቴል የሚወስደኝ ታክሲ ያዝኩ። ሹፌሩ «ሐበሻ ነህ አይደል?» አሉኝ። ነኝ አልኩ። ሰፈሬን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ይህንንም ነገርኳቸው። ቀጥሎ የአክስቴን ስም ራሳቸው ጠሩልኝ፤ ለካ ሁለቱ የአንድ ዕድር አባላት ናቸው።

«ጋሼ፣ እባክዎ አይንገሯት» አልኩ።

«ምን ነካህ ልጄ፣ ነገ ስታገኘኝ ምን ልበላት?» ብለው ደወሉላት። ድምፅዋ መኪናውን ሞላው። አንድም ቃል ለእኔ አልተናገረችም፤ ትእዛዙ በሙሉ ለሹፌሩ ነበር። እሳቸውም «እሺ እትዬ» እያሉ ሂሳብ መቁጠሪያውን አጠፉና ወደ ሆቴሌ መሄዱን ትተው ወደ አክስቴ ቤት፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ዞሩ።

ደርሰን ልክፈል ብል «ከዘመድ ገንዘብ አልቀበልም!» ብለው ተቆጡ። በርበሬውን ግን ግማሹን ወሰዱ።