«ጠፍቷል እኮ!» ማን ነገረህ?

«ጋሼ፣ ማብሪያውን ካጠፋሁት ምን ያስፈራል?» አለኝ አንድ ወጣት መካኒክ፣ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጠገብ ሻይ ይዘን። ወጋችን ስለ «ፀሐይ» ነበር። በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አገራችን ተሠርታ፣ ጣሊያን ወስዶ በጥር 2016 ስለመለሳት አውሮፕላን። ከዚያ ዘመን ትናንሽ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ባትሪም ማስነሻ ሞተርም አልነበራቸውም፤ ሰው ፊት ለፊታቸው ቆሞ ፕሮፔለሩን በእጁ ነው የሚያዞረው። እስከ ዛሬም በእጅ የሚነሱ አሉ። ልጁ በስልኩ አይቶ ቀላል መስሎታል።

አቦ፣ ጠፍቷል ያለህ ማነው? ማብሪያው? የቤትህ አምፖል ሽቦው ሲበጠስ ይጠፋል። ለሞተሩ የማቀጣጠያ እሳት የሚሰጠው ማግኔቶ ግን ተቃራኒው ነው። ባትሪ አይለምንም፤ በዞረ ቁጥር እሳቱን ራሱ ይወልዳል። ማብሪያው የሚያጠፋው ያንን እሳት በአንዲት ሽቦ ማሳ አስይዞ ነው። ያቺ ሽቦ ከተበጠሰች ማብሪያው «ጠፍቷል» ይልሃል፣ ሞተሩ ግን ንክኪህን ይጠብቃል። ለመወልወል ስትነካው እንኳ እንደበራ ቁጠረው።

«ጎበዝ ነኝ፣ ብቻዬን አስነሳዋለሁ።» ጉብዝናህን ማን ጠየቀ? ሞተሩ ሲነሳ አውሮፕላኑን ማን ይይዘዋል? ውስጥ ፍሬን የረገጠ፣ ነዳጁን ዝቅ አድርጎ የያዘ የሠለጠነ ሰው ይኑር። ጎማው ሥር ታኮ ይግባ፣ ጅራቱ ይታሰር። ሰው ሳይኖርበት ተነስቶ ሜዳ ለሜዳ የሮጠ አውሮፕላን በየአገሩ ታይቷል።

«ጥብቅ አድርጌ ጨብጬ ነዋ!» እሱ ነው የሚያስበላህ። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታ የጨበጠውን ጣት ይዞ ይሄዳል። ጣቶችህን ዘርግተህ በገጹ ላይ አሳርፍ፣ ጠርዙን አትጠቅልል። ወደ ታች ስትስበው ሰውነትህ በዚያው ወደ ኋላ ይውጣ እንጂ ወደ ፊት አይደፋ። የምትቆምበት መሬት ጠጠርና ዘይት አይኑረው። ሽርጥም ሻሽም አውልቅ። የውሃ ፓምፕ በማኖቬላ ያስነሳ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ያደርጋል እንጂ እጀታውን አያቅፍም።

«እሺ፣ እኛ አውሮፕላን የለን፣ ምን አገባን?»

ይሄኔ ሻዬን አስቀመጥኩ። የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና በነሐሴ 2014 የተከፈተው እዚሁ ነው፤ ማሽን በገባ ቁጥር እጅ ይገባል። ማሽን ሲነክስ፣ ጨርቅ ሲጠመጠምበት ወይም ሰንሰለት ሲወጣ «ቆሟል እኮ» ተብሎ ስንት እጅ ይገባል? ቆሟል ማለት ጠፍቷል ማለት አይደለም። አንተ ጎንበስ ብለህ ስታጸዳ፣ ከወዲያ ያለው ባልደረባህ ሥራ የቆመ መስሎት ቁልፉን ይጫናል። ክፋት የለበትም፤ አላየህም።

ፕሮፔለር የሚያዞሩ ሰዎች ለዚህ መላ አላቸው። ፊት የቆመው «ጠፍቷል?» ብሎ ይጮሃል፤ ውስጥ ያለው አይቶና ነክቶ «ጠፍቷል!» ብሎ ይመልሳል። ያ መልስ ሳይሰማ እጅ አይዘረጋም። መልሱ ከተሰማም በኋላ ፕሮፔለሩ እንደበራ ነው የሚያዘው።

የፈረቃ ኃላፊዎች፣ ነገ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይህን አድርጉ፦ ማሽን የሚጠገነው ዋናው ማብሪያ ተዘግቶ፣ ጓጉንቸር ተቆልፎበት ይሁን፤ መክፈቻውም እጁን በሚያስገባው ሰው ኪስ ይቀመጥ።