ጨረታ ይቅርብን

በገበዝ ማርያም ገበያ አንዲት ፍየል ለመግዛት ሦስት ሻጭ ዘንድ የሚዞር፣ ጥርሷን ገልጦ የሚያይ፣ ሽንጧን የሚዳስስ፣ አምሳ ብር ለማስቀነስ እስከ ቀትር የሚከራከር ገበሬ አለ። ኋላ ቀርነት ማለት ይህ ነው። የሠለጠነ ሰው አስቀድሞ ይከፍላል፤ ፍየሏ መኖሯን በኋላ ያጣራል።

የዚህ ሥልጣኔ ፋና ወጊ የመንግሥቱ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ነበር። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ብርሃኑ ፀጋዬ ኮርፖሬሽኑ የ37 ቢሊዮን ብር የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ነገሩን። ስንት የጨረታ ሰነድ፣ ስንት ማኅተም እንደተረፈ አስቡት! አባይና አንድነት የተባሉት አሮጌ መርከቦችም ተቆራርጠው ሊቀልጡ ተገዝተው ንግድ ጀመሩ ተባለ። ሥራ ፈጠራ ይሏል ይህ ነው።

ይኸው ሜቴክ ያዩ ላይ ደግሞ የማዳበሪያ ፋብሪካ ሊሠራልን ነበር። ፋብሪካው ሳያልቅ ውሉ አለቀ። የጎጃም ገበሬም በሰኔ 2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ አጥቶ ባሕር ዳር ድረስ አቤት ሊል ሄደ። ምን አስቸኮለው? ዝናብ እንደሆነ በየዓመቱ ይመጣል።

ሕጉ ግን ዝም ይላል እንዳትሉ። ኃላፊው «የመንግሥትን ሥራ በማያመች አኳኋን በመምራት» ይከሰሳል፤ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ቀጠሮው ይለወጣል። ውሉ ይቋረጣል፤ ቀሪው ሥራ ለሌላ ይሰጣል። ጃዊ ላይ የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካ በዚሁ በር አልፏል። በመሐል የዘገየውን ዓመትና የጨመረውን ዋጋ የሚከፍለው ግን ችሎት ፊት ቆሞ የማያውቀው ግብር ከፋይ ነው።

ታናናሾቹ መሥሪያ ቤቶች ከታላላቆቹ መማራቸው ደግ ነው። ሰኔ ሲገባ በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን ግዥው «አጣዳፊ» ይሆናል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ሦስቱም በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ አንዱ አሸናፊ፣ ሁለቱ አጃቢ። ኮሚቴው ቃለ ጉባኤውን በአንድ ድምፅ ይፈርማል። በነሐሴ የመጣው ወንበር በመስከረም እግሩ ሲወልቅ «በወቅቱ በነበረው መረጃ» የሚል መልስ ተዘጋጅቷል።

ጨረታ ወጣ ቢባል እንኳ ማስታወቂያው ሲያልቅ «መሥሪያ ቤቱ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» ይላል። መሥሪያ ቤቱ መብቱን ለራሱ አስጠብቋል፤ ኪሳራውን ደግሞ በልግስና ለእኛ ትቶልናል።