በጂንካ በረዶ ለሚስቁ ሰዎች የተሰጠ ማብራሪያ

ከታኅሣሥ መባቻ ጀምሮ በጂንካ ከተማ ማለዳና ማታ ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጡ ጥቂት ሰዎች አሉ። የሚጠብቁት በረዶ ነው። ከዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠውን ጠጠር ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ የአሪ ደጋ ገበሬ ያውቀዋል፣ ሰብሉን ስለሚያረግፍበትም ይረግመዋል። እነዚህ ሰዎች የሚጠብቁት እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ የሚወርደውን፣ ፈረንጅ ገናው በደረሰ ቁጥር የሚመኘውን ነጩን በረዶ ነው። እስከ ዛሬ አልመጣም። አለመምጣቱ ለብዙዎች መሳለቂያ ሆኗል፤ ከሚሳለቁት መካከል ዲግሪ የጫኑ ሰዎች መኖራቸውም ያሳዝናል። ይህ ማብራሪያ የተጻፈው እነሱን ለመዝለፍ ሳይሆን ለማስረዳት ነው። ጸሐፊው ራሱ ከጠባቂዎቹ አንዱ መሆኑ ገለልተኛነቱን እንደማይነካው ከወዲሁ ይታወቅልን።

ከትንበያ ጥራት እንጀምር። እኛ በየማታው የምናወጣው ትንበያ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ነገ በጂንካና በአካባቢዋ በረዶ አይጥልም።» ይህ ትንበያ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። ሳተላይትና ራዳር ያላቸው ታላላቅ ተቋማት እንዲህ ያለ ውጤት ሲያስመዘግቡ አላየንም። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ዓመቱን በጋ፣ በልግና ክረምት ብሎ ለሦስት ከፍሎታል። በጋው ከጥቅምት እስከ ጥር ሲሆን ለአብዛኛው አገር ደረቅ ነው። የእኛዋ ደቡብ ኦሞ ደግሞ ሁለተኛ ዝናቧን የምታገኘው በዚሁ በጋ መጀመሪያ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ዋናው ዝናቧ የበልጉ ነው፤ ሌላው አገር በክረምት ጭቃ ሲያቦካ የእሷ ቆላ አቧራ ያቦንናል። ኢንስቲትዩቱም ይህን አልደበቀም፤ በጋው ለደቡቡ ቆላ የዝናብ ወቅት መሆኑን በመግለጫዎቹ ይጠቅሳል። እንግዲህ በበጋ ዝናብ የሚጠብቅ አገር በበጋ በረዶ የሚጠብቅ ሰው ሲያይ ይህን ያህል ባልደነገጠ ነበር።

«የማይመጣ ነገር መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው» የሚሉን አሉ። እስቲ መዝገብ እናስተያይ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። በጎረቤቶቻችን በዳሰነችና በሐመር ምድር ከብት አለቀ። በእነዚያ ወቅቶች ዝናብ ይጠብቅ የነበረ አርብቶ አደር ደብተር ቢይዝ ኖሮ በየቀኑ የሚጽፈው «ዛሬም የለም» ነበር። የበረዶ ጠባቂውም ደብተር ላይ የሰፈረው ይኸው ነው። አንደኛው አስተዋይ፣ ሌላው ሞኝ የተባለበት መስፈርት በጽሑፍ አልቀረበልንም። ልዩነት አለ ከተባለ የበረዶ ጠባቂው ከብት አልሞተበትም።

በዚህ ሙያ እኛን የቀደሙ ባለሙያዎች በአካባቢው መኖራቸውን መካድ ነውር ይሆናል። ሐመሩም፣ ሙርሲውም፣ ኛንጋቶሙም፣ ዳሰነቹም ፍየል አርደው አንጀቱን ዘርግተው የሚያነቡ አዋቂዎች አሏቸው፤ ዝናቡም፣ በሽታውም፣ ጠላቱም እዚያ ላይ ይነበባል። ይህን ዘዴ ከሳተላይት ጋር ማወዳደር ተገቢ አይመስለንም። ሳተላይት ትንበያው ከሳተ በኋላ ጠብሰው አይበሉትም።

ሌላው ተቃውሞ የሙቀት ነው። «እዚህ ምድር ወገብ ሥር ቁጭ ብሎ ምን በረዶ!» ይባላል። ጂንካ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 6 ዲግሪ ያህል ትርቃለች። ኪሊማንጃሮ በስተ ደቡብ 3 ዲግሪ ብቻ ቢርቅም አናቱ ላይ በረዶ ጋግሯል፤ የኬንያ ተራራማ ወገቡ ላይ ተቀምጦ በረዶ አለው። ጥፋቱ እንግዲህ የፀሐይ ሳይሆን የከፍታ ነው። ሽቅብ በወጡ ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል፤ በእኛ አካባቢ ዜሮ ዲግሪ የሚገኘው ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ጂንካ 1,500 ሜትር ግድም ላይ ናት። የሚጎድላት 3,000 ሜትር ብቻ ነው። ይህ የአየር ጠባይ ሳይሆን የመሠረተ ልማት ጥያቄ ስለሆነ፣ ከሌሎች የመሠረተ ልማት ጥያቄዎቻችን ጋር ተመዝግቦ ተራውን እንዲጠብቅ ተስማምተናል። ለመጠበቅ ደግሞ ልምድ አለን፤ መሐል ከተማ ላይ ከብት የሚግጥበት የሣር አውሮፕላን ማረፊያ በአስፋልት እስኪተካ ጠብቀናል። ኦሞራቴ 400 ሜትር እንኳ ስለማትሞላ የእሷ ጉዳይ በሁለተኛው ምዕራፍ ይታያል።

የኪሊማንጃሮ ስም ከተነሣ ዘንድ በሣቅ ላይ ስለደረሰ ታሪካዊ ጉዳት መናገር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1848 ዮሐንስ ሬብማን የሚባል ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ኪሊማንጃሮን ከሩቅ አይቶ አናቱ ላይ በረዶ አለ ብሎ ጻፈ። ሎንዶን ተቀምጦ አፍሪካን በመጻሕፍት የሚያጠና ዊልያም ዴዝቦሮ ኩሊ የሚባል ሊቅ ግን ተሳለቀበት፤ ይህ ሊሆን አይችልም ብሎም ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። በዓመቱ የሬብማን ባልደረባ ሉድቪግ ክራፍ የኬንያን ተራራ በረዶ አየ። ክራፍ ቀደም ሲል በሸዋ፣ አንኮበር የኖረ ሰው ስለነበር ብርድ ምን እንደሆነ የሚነግረው አላስፈለገውም። ዛሬ ኩሊ የሚታወሰው በዚያ ክርክር ነው። በእኛ የሚስቁ ሰዎችም ስማቸው በምን እንደሚታወስ ከአሁኑ ያስቡበት። በሬብማን ጉዳይ በረዶው በእርግጥ የነበረ መሆኑ ከእኛ ጋር ያለው ጥቃቅን ልዩነት ነው።

የአገር ውስጥ ማስረጃ ለሚፈልግም አናፍርም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ከቆመ የድንጋይ ዙፋን አንድ ጽሑፍ ገልብጧል። ስሙ ያልደረሰን የአክሱም ንጉሥ ያስጻፈው ነው። ንጉሡ የሰሜንን ተራሮች ሲወጋ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንደገጠመው ይተርካል። በዘመናችን ደግሞ ሮቤል ተክለማርያም በየካቲት 1998 ዓ.ም. በቶሪኖ፣ ከአራት ዓመት በኋላም በቫንኩቨር የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በክረምት ኦሎምፒክ በበረዶ ላይ ተወዳድሯል። በረዶ ብርቁ የሆነ አገር የበረዶ ተወዳዳሪ ሲልክ አጨብጭበናል። የበረዶ ጠባቂ ሲኖረው ጭብጨባው የት ገባ?

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ መስፈርቱ እንምጣ። በእንግሊዝ አገር አንድ ገና «ነጭ ገና» ለመባል በዲሴምበር 25 ቀን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ አንዲት የበረዶ ቅንጣት ስትወርድ መታየቷ ይበቃል፤ በዚህች ቅንጣት ገንዘብ አስይዞ የሚወራረድ ሕዝብ አለ። በእነሱ ግን የሚስቅ የለም። ካናዳ ትንሽ ጠበቅ ታደርጋለች፤ በዚያው ዕለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ መሬቱ 2 ሴንቲ ሜትር በረዶ መልበስ አለበት። ሁለቱንም መርምረን የካናዳውን መርጠናል። ምክንያቱም በጂንካ ሆቴሎችና ካፌዎች ውስጥ ታኅሣሥ ሲገባ በሚቆመው የፕላስቲክ ጥድ ላይ የሚነሰነሰው ጥጥ ከ2 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። በማስመሪያ ለክተነዋል።

ይህ ጥጥ የንቀት ዐይን ሊያርፍበት አይገባም። ዱባይ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በገበያ ማዕከል ውስጥ በማሽን በረዶ እያመረተች፣ ለማቀዝቀዣው ስንት ኤሌክትሪክ ትከሰክሳለች። የእኛ በረዶ መብራት አይፈልግም፤ ይህም የከተማችን መብራት ጠባይ ሲታሰብ ቀላል ነገር አይደለም። ከውጭ ምንዛሪም ነፃ ነው። ወይጦ ሸለቆ ጥጥ አምራች ነው፤ ለቀማውም በበጋ ነው። ስለዚህ ሌላው ዓለም በረዶውን ከሰማይ እስኪወርድለት ሲለማመጥ፣ ደቡብ ኦሞ በረዶዋን ከመሬት አብቅላ፣ ፍሬውን አውጥታ፣ በደጋን ነድፋ ለገና ታደርሳለች። ከአውሮፓ የራሱን በረዶ ሸሽቶ፣ ስንት ሺህ ብር ከፍሎ፣ በአቧራ መንገድ ተንገላቶ የመጣ ቱሪስት እንግዳ መቀበያው ላይ ያንኑ በረዶ ሲያገኘው የሚያሳየውን ፊት ያየ ሰው እንግዳ ተቀባይነታችንን አይጠራጠርም።

የመጠበቂያው ቀን ነገር አከራካሪ ነው። የፈረንጁ ገና ታኅሣሥ 16 ይውላል፣ የእኛው ታኅሣሥ 29። ሁለቱንም እንጠብቃለን፤ በሁለቱ መካከል 13 ቀን ስላለም ሌላው ዓለም የሌለው ሰፊ ዕድል አለን። «በአንድ ቀን እንኳ አልተስማማችሁም» የሚል ሰው ካለ ሙርሲዎች ዘንድ ይሂድ። ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ረግልስ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ያለንበት ወር ስንተኛው ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ሙርሲዎች በግልጽ ይከራከራሉ፤ ዝናቡና ወንዙ የየራሳቸውን ከተናገሩ በኋላ ቆጠራው ወደ ኋላ ተመልሶ ይስተካከላል። እንዲህ ያለ ብስለት በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ አይተን አናውቅም። እኛም በረዶው የመጣ ዕለት ያ ቀን ገና እንደነበረ ወደ ኋላ ተመልሰን ለመስማማት ዝግጁ ነን።

የቀረው የመቅለጡ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ተሳላቂዎቻችን ትንሽ ቁጭ ቢሉ ይሻላል። በብርድ አገር በረዶ ለጌጥ ብቻ አይጠበቅም። ሲቀልጥ ወንዝ ይሞላል፣ ማሳ ይጠጣል። ኦሞም እንዲሁ ከሩቅ በሚመጣ ውሃ ይኖር የነበረ ወንዝ ነው። ዝናቡ ከሸዋ፣ ከጅማና ከከፋ ደጋ ላይ ይወርዳል፤ በግቤና በጎጀብ አድርጎ ክረምቱ ሲያበቃ ታች ይደርስ ነበር። ደራሹ ሲሸሽ ሙርሲው፣ ካራው፣ ኛንጋቶሙና ዳሰነቹ በረጠበው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ሙርሲዎች ለዚህ የሚጠብቋቸው ኮከቦችም ነበሯቸው፤ የደቡብ ሰማይ ኮከቦች አንድ በአንድ ከምሽቱ ሰማይ ሲሰወሩ ወንዙ የት እንደደረሰ ይለዩባቸው ነበር። ሰማይ መጠበቅ በደቡብ ኦሞ ምግብ ነበር ማለት ነው።

ኦሞን የገደበው የግልገል ግቤ 3 ግድብ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ልክ እኛ ደብተራችንን በምንከፍትበት ሰሞን ተመረቀ። ቁመቱ ከ240 ሜትር ይበልጣል፣ ኃይሉ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ ዳሰነችን ሲያጥለቀልቅ ከ300 በላይ ሰው ሞቷልና ግድቡ ጎርፉን ይገራዋል መባሉ ዋዛ አልነበረም። ገራውም። በየዓመቱ ለጥቂት ቀናት ሰው ሠራሽ ጎርፍ እየተለቀቀ ለማሽላው እንዲደርስ በፕሮጀክቱ የአካባቢ ጥናት ላይ ታስቦ ነበር፤ ሰነዱ በጥሩ ወረቀት ላይ የታተመ ነው። ኮከቦቹ ግን አልተነገራቸውም መሰል፣ ዛሬም በየጊዜያቸው ይሰወራሉ። ወንዙ እነሱን መስማት ትቶ ተርባይን ይሰማል። በኦሞ ዳር ለዘር የሚያስፈልገው ሰው ዛሬ ኮከብ የሚያውቅ ሳይሆን ውሃ የሚለቀው ክፍል ውስጥ ዘመድ ያለው ነው። ስለዚህ ጎርፍ የሚጠብቀው ገበሬና በረዶ የምንጠብቀው እኛ በእውቀትም በውጤትም እኩል ሆነናል፤ እኛ ማንም ቃል ስላልገባልን ብቻ ቅሬታ የለንም።

ነጭ ነገር ለሸለቆው ቃል አልተገባም ማለት ግን ስሕተት ነው። ጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም. በዚህችው በጂንካ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በታችኛው ኦሞ ስለሚለማው ታላቅ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ተናገሩ። ኦሞ ኩራዝ የሚባለው እሱ ነው። ስኳር ነጭ ነው፣ በጂንካ ፀሐይ አይቀልጥም፣ ጥድ ላይ ቢነሰነስም ያምራል። ከሱቅ በጠፋ ጊዜ ታዲያ ስኳር የሚጠብቀው ሰልፍ ከእኛ ሰልፍ ብዙ እጥፍ ይረዝማል። በሰልፈኞቹ ሲስቅ የተገኘ አንድም ሰው የለም።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ታኅሣሥ 16 ወይም ታኅሣሥ 29 ቀን በጂንካ፣ በዲመካ፣ በቱርሚ ወይም በኦሞራቴ ነጭ ነገር ሲወርድ ካዩ መጀመሪያ በመዳፍዎ ይቀበሉት። ከቀለጠ ሰዓቱን ጽፈው ይያዙልን። ከጣፈጠ ዝም ብለው ይጨብጡት። ካልቀለጠም ካልጣፈጠም የካፌው ጥጥ ነውና እባክዎ ለባለቤቱ ይመልሱ፤ ለከርሞ ይፈለጋል።