ቲቸር፣ ይውጡ!

መምህር ሳለሁ የሚያከብረኝ ሰው አጥቼ አላውቅም፤ ክብሩ ግን አከራዬ ዘንድ አይመነዘርም ነበር። ወር በገባ ቁጥር ደመወዜና የቤት ኪራዬ ትግል ይገጥማሉ፤ ሁሌም ኪራዩ ይጥለዋል። የማስተምረው ፊዚክስ ነበር። ቤተ ሙከራችን ጠመኔና የኔ ሁለት እጆች ነበሩ። ሞገዱን በእጄ፣ መስተዋቱን በእጄ፣ ጅረቱን በእጄ ሳሳይ ኖሬ፣ በመጨረሻ እጄን ለሌላ ነገር ላውለው ብዬ በማታው ክፍለ ጊዜ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማርኩና ለአንድ የቴሌኮም ሥራ ተቋራጭ አመለከትኩ።

ለቃለ መጠይቁ ስለ ሞገድ ርዝመት አጥንቼ ሄድኩ። የጠየቁኝ ግን መንጃ ፈቃድ እንዳለኝና ከፍታ እንደምፈራ ብቻ ነው። «ኧረ በፍጹም!» አልኩ። እስከዚያ ዕለት ድረስ ከወጣሁባቸው ነገሮች ሁሉ ረጅሙ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት መሰላል ነበር።

እናቴ ልጇ ኢንጂነር መሆኑን ለዕድርተኛው ሁሉ አዳረሰች። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ስክሪኑ የተሰነጠቀበትም፣ ዲሹ ቻናል የጠፋበትም፣ የሚስጥር ቁጥሩን የረሳውም ወደ እኛ ቤት ይመጣል። የኔ ሥራ ታወሩ እንጂ ስልኩ እንዳልሆነ ባስረዳም የሚሰማኝ አላገኘሁም። እናቴ ራሷ፣ «ካርዴን ቶሎ ቶሎ የሚበላው ማን እንደሆነ እዚያ ስትገባ ጠይቅልኝ» ትለኛለች፤ አንድ የሚታወቅ በላተኛ ቢሮ ተሰጥቶት የተቀመጠ ይመስላታል።

የቡድን መሪዬ ደግሞ የኋላ ወንበር ተማሪዬ የነበረ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ያኔ እኔ «ተነሥ!» ስለው በግድ ነበር የሚነሣው። አሁን ሴፍቲ ቤልቱን በሁለት እጁ ያቀብለኝና፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ አርባ ሜትር የሚሆነውን ታወር እያሳየኝ፣ «ቲቸር፣ ይውጡ» ይላል። ትሕትና እንዲህ ሲያስፈራ አይቼ አላውቅም። የታሪክ መምህሩ ባልደረባዬ፣ እ.ኤ.አ. በ1894 በአፄ ምኒልክ ዘመን ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር መዘርጋት መጀመሩን በየዓመቱ በኩራት ሲያስተምር እሰማው ነበር። ምሰሶው ላይ ስለወጣው ሰው ግን አንስቶም አያውቅ። እኔም ለመጠየቅ ያሰብኩት ታወሩ መሃል ላይ ደርሼ፣ ብረቱን በሁለት ክንዴ አቅፌ፣ ወደ ታች እንዳላይ ስጠነቀቅ ነው።

ያስተማርኩት ትምህርትም አንድ በአንድ ይታረም ጀመር። የቴሌኮም ዕቃ የሚሠራው በ48 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው፤ ያውም በኔጋቲቭ 48። መሬት የሚገባው ፖዘቲቩ ነው። በመዳብ ሽቦ ዘመን እርጥበት መስመሩን እንዳይበላው ሲባል የመጣ ልማድ ነው፤ ሽቦው በመስታወት ክር፣ በፋይበር፣ ሲተካም ልማዱ ወንበሩን አለቀቀም። ኔጋቲቩን መሬት እያስገባሁ ሰሌዳ ሙሉ ስሥል የኖርኩ ሰው ይህን ስሰማ ዝም አልኩ። ልጁ ሊያጽናናኝ ብሎ፣ «ግድ የለም ቲቸር፣ ድሮም ማስታወሻ አልያዝንም ነበር» አለኝ።

በፋይበሩ ግን ኮራሁ። ብርሃን በመስታወት ውስጥ እየነጠረ የሚሄድበትን ምክንያት ከኔ በላይ የሚያውቅ ከቡድኑ ውስጥ አልነበረም። የመስታወቱ ውፍረት ከነልባሱ ሳይሆን ለብቻው 125 ማይክሮን ነው፤ ብርሃኑ የሚያልፍበት እምብርት ደግሞ 9 ማይክሮን ገደማ። ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ግራጫ፣ ነጭ እያልኩ ክሮቹ የሚለዩባቸውን አሥራ ሁለት ቀለማት በቃሌ ያዝኩ። ኦቲዲአር የሚባለው መሣሪያ ከአንድ ጫፍ ብርሃን ይተኩስና ተመልሶ የሚመጣውን ለክቶ፣ መስመሩ የተቆረጠው ከዚህ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ላይ ነው ይላል። እሱ የሚነግርህ ግን የፋይበሩን ርዝመት ነው። ኬብሉ በየጉድጓዱ ለመጠባበቂያ ተጠቅልሎ ስለሚቀመጥ መንገዱ ከዚያ ያንሳል፤ በምን ያህል እንደሚያንስ የምታውቀው በእግርህ ነው። ደግነቱ ብዙ ጊዜ መለካትም አያስፈልግም። በመስመሩ አካባቢ ኤክስካቫተር ከቆመ ሄዶ ኦፕሬተሩን ማየት ነው። ሰማይ ሰማዩን እያየ ካፏጨ፣ እሱ ነው።

ከሁሉ የማልረሳው መንዝ ላይ የሠራነውን ሳይት ነው። እንደደረስን ታወሩም፣ ጀነሬተሩም፣ ባትሪውም ቆመው ይጠብቁናል፤ ቁልፉ ግን የለም። በዚህ ሙያ ግማሹ ሥራ ቁልፍ ፍለጋ መሆኑን ያኔ ለምጄዋለሁ። ዘበኛው፣ በርኖስ የደረቡ ሽማግሌ፣ ጉዳያቸውን ጨርሰው በዝግታ መጡና ከፈቱልን። ውስጥ ስንገባ የመንደሩ ስልኮች ተደርድረው ቻርጅ ይደረጋሉ፤ በእያንዳንዱ ጀርባ የባለቤቱ ስም በፕላስተር ላይ ተጽፏል። የኔ ተማሪዎች የፈተና ወረቀት እንዲህ ተስተካክሎ አያውቅም።

«አባባ፣ ኔትወርክ ሳይኖር ስልኩ ለምን ይሆናል?» አልኳቸው።

«ለመብራትና ለዘፈን። ለመደወል ቋጥኙ አለ» አሉኝና ማዶ አሳዩኝ። ከሩቅ ያመለጠ ሲግናል የሚደርስበት አንድ ድንጋይ አለ። ሰው ወረፋ ይዞ ይወጣበታል፤ ነገር የሚያበዛውን ከታች ያሉት በጩኸት ያወርዱታል።

እኛ የመጣነው ኔትወርኩን በማይክሮዌቭ ሊንክ ልናስገባ ነው። ማይክሮዌቭ ሊንክ ማለት በሁለት ተራራ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ሳህኖችን ዓይን ለዓይን ማስተያየት ነው። ጨረሩ ቀጭን ስለሆነ አንድ ዲግሪ መሳት ብዙ ነው። ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ ከዋናው ጨረር ግራና ቀኝ ደካማ የጎን ጨረሮች አሉ። የሲግናሉን ጉልበት የሚያሳየው መልቲሜትር ከፍ ሲል አገኘሁ ብሎ ብሎን ያጠበቀ ሰው፣ ያገኘው ዋናውን ሳይሆን ጎረቤቱን ሊሆን ይችላል። አንዱ ሳህን ሲንቀሳቀስ ሌላው መቆም ስላለበት በሁለቱ ተራሮች ላይ ያሉት ሰዎች መነጋገር አለባቸው። የሚነጋገሩበት ኔትወርክ ደግሞ ገና ሊሠሩ የመጡት ነው!

የቡድን መሪዬ በማዶው ተራራ ላይ ነው፤ እዚያ ስልክ ይሠራል። እኔ ታወር ላይ ነኝ። ዘበኛው ስልካቸውን ይዘው ቋጥኙ ላይ ወጡ፤ ልጁ ይደውልላቸዋል። በቋጥኙና በታወሩ መካከል ሁለት እረኞች አቆምን። መንዜ ከሸንተረር ሸንተረር መጣራት ያውቅበታል፤ ያን ቀን ድምፃቸው አንዲት ቃል አላንጠባጠበም።

«ቲቸር፣ ወደ ግራ ይበሉ ይላል!»

እላለሁ።

«ቲቸር፣ ይቁሙ ይላል!»

እቆማለሁ። ነፋሱ ግን አልቆመም። ረፋዱ እንዲህ አለቀ፤ ቀትርም አለፈ። የመልቲሜትሩ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ከፍ ይልና ይወርዳል፤ ጎረቤቱ ነው። ትንሹ እረኛ ሰለቸው መሰለኝ፣

«ቲቸር፣ ትንሽ ቀና ቢያደርጉትስ!» ሲል ተጣራ።

ብሎኑን ፈትቼ ሳህኑን ጥቂት ቀና አደረግሁት። ቁጥሩ ዘለለ፤ እዚያው ላይም ጸና። ዋናው ጨረር! ወዲያው በሰው ሰንሰለቱ በኩል ጥያቄ መጣ፤ «አሁን ምን አደረጉ? ይላል!» እረኛው ለኔ መልስ ዕድል ሳይሰጥ፣ «እኔ ነኝ የነገርኳቸው በሉት!» ብሎ መለሰ።

ሳይቱ ኦን ኤር ሲሆን አመሻሽቶ ነበር። መንደርተኛው ተሰብስቦ የየስልኩን ምልክት ያያል። የመጀመሪያው ጥሪ የዘበኛው ይሁን ተባለ፤ ሸገር ያለ ልጃቸው ዘንድ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርገንላቸው ደወሉ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። አንዲት ሴት ጥርት ባለ ድምፅ፣ ሂሳባቸው ለዚህ ጥሪ በቂ አለመሆኑን በትሕትና ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ስልኩን አዩት። ቀና ብለው ታወሩን አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣

«መምህር» አሉ፣ «ቀኑን ሙሉ እዚያ ላይ ተንጠልጥለህ የዋልከው ይቺን ሴትዮ ለማምጣት ነው?»