ልምድ ሊወስዱ ሄደዋል

በአገራችን ከሁሉ የላቀ መሥሪያ ቤት የቱ ነው ብትሉኝ፣ ወንበሩ ላይ ሰው የሌለበትን አሳያችኋለሁ። ጂንካ ውስጥ እንዲህ ያለውን ለማግኘት ብዙ መልፋት አያስፈልግም። ግንቦት ሲጋመስ ወጣ በሉና የአንዱን ቢሮ ደጃፍ ርገጡ። ዘበኛው ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ «ጋሼ፣ የሉም፤ ልምድ ሊወስዱ ሄደዋል» ይላችኋል። ማን? «ሁሉም።» መቼ ይመለሳሉ? «ወስደው ሲጨርሱ ነዋ።»

የእኔ ጉዳይ ትንሽ ነው። የይዞታ ካርታዬ ላይ የአያቴ ስም ተሳስቶ ተጽፏል፤ ይታረምልኝ ነው የምለው። እርማቱ ላይ የሚፈርሙት ኃላፊ ሐዋሳ ናቸው። ፋይሉ ያለበት መሳቢያ ቁልፍ ደግሞ ከባለሙያው ኪስ ሳይወጣ አብሮ ሐዋሳ ገብቷል። ቁልፉ ሳይቀር ልምድ እየወሰደ ነው ማለት ነው።

ይህን የሚያማ ሰው ለአገሩ እድገት የማይቆረቆር ነው። እስቲ አስቡት፤ አንድ አመራር ጂንካ ተቀምጦ ምን ይማራል? ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከል ከነሙዚየሙ ተቀምጧል፤ ከቢሮ ተነሥቶ በእግር ይደረሳል። ችግሩም ይኸው ነው። በእግር የሚደረስበት ሙዚየም ውሎ አበል የለውም። ሙዚየም ሙዚየም የሚሆነው አዳር ካለው ብቻ ነው፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ሄዶ የዓድዋ ድል መታሰቢያን ማየት፣ በዚያውም የኮሪደር ልማቱን መብራት ሽቅብ እያዩ ማምሸት የግድ ይላል።

በጉዞው ላይ የሚታየው ብስለትም ያስደንቃል። ለአፈርና ውሃ ጥበቃ ልምድ ሊቀስም የተነሣ ቡድን ኮስተር ሞልቶ ከጂንካ ይወጣል፤ ቀይ አፈርን፣ ወይጦን አልፎ ኮንሶ ይደርሳል። መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ እንቅልፍ ላይ ነው። በግራም በቀኝም የኮንሶ እርከን ተራራውን ከእግር እስከ ራስ ቀንብቦ ቆሟል፤ ከ400 ዓመት በላይ ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበለ ድንጋይ በድንጋይ የካበው፣ ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እርከን ነው። ሾፌሩ ብቻ ያየዋል። እሱም በተሞክሮ ቅመራው ውስጥ አይካተትም። መቆም ለምን ያስፈልጋል? ኮንሶ ላይ ወርዶ ልምድ መውሰድ ጎረቤት ቤት ቡና እንደ መጠጣት ነው፤ ማን ደረሰኝ ይቆርጥበታል?

አርባ ምንጭ ላይ ግን ይወረዳል። የአዞ እርባታውን ሳይጎበኝ ያለፈ ሴክተር የለም፤ ፋይናንሱም፣ ጤናውም፣ ሴቶችና ሕፃናቱም። አፍ ከፍቶ መጠበቅን ለመማር ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ሐዋሳ ላይ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ ስፌት መኪናዎቹ በሚንኳኩበት አዳራሽ አንድ ጊዜ ፈጠን ብሎ ማለፍ፣ በር ላይ ባነር ዘርግቶ ፎቶ መነሣት፣ ከዚያ አሞራ ገደል ወርዶ በዓሣው ላይ ሰፊ ውይይት ማድረግ። ግብረ መልስም እዚያው ይሰጣል፤ «ሎሚ ይጨመርበት»።

ሲመለሱ ሪፖርት ይቀርባል። ከአዞውም ከስፌት መኪናውም ከመብራቱም የተገኘው ተሞክሮ አንድ ዓይነት ነው፦ ቁርጠኛ አመራር፣ ተቀናጅቶ መሥራት፣ የሕዝብ ተሳትፎ። «በቀጣይ ይህን ምርጥ ተሞክሮ ቀምሮ የማስፋት ሥራ በትኩረት ይሠራል።» ተፈጸመ። የዘንድሮው ከአምናው የሚለየው በቀኑ ነው፤ አንዳንዴ በቀኑም አይለይም።

በዚህ በኩል ጃፓኖች ምንኛ ጅሎች እንደነበሩ ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1871 መገባደጃ ላይ ልዑል ኢዋኩራን አስቀድመው ባለሥልጣንና ተማሪ ሆነው መቶ ገደማ ሰዎች መርከብ ተሳፈሩ። ሳንፍራንሲስኮ ወረዱ፣ ቺካጎን አዩ፣ ዋሽንግተን ገቡ፣ ከዚያ አትላንቲክን ተሻግረው አውሮፓን አካለሉ፤ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀባቸው። ፋብሪካ ገብተው ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቁ፤ ትምህርት ቤት ገብተው መጽሐፉን ገለጡ። አብረዋቸው የሄዱትን አምስት ሴት ልጆች፣ ትንሿ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ተምረው እንዲመለሱ አሜሪካ ትተዋቸው መጡ። የቡድኑ ጸሐፊ ኩሜ ኩኒታኬ ያየውን በአምስት ቅጽ አሳተመ። አምስት ቅጽ! «ተቀናጅቶ መሥራት» ብሎ በአንድ መስመር መገላገል ሲችል።

የእኛዎቹም የቀድሞ ሰዎች ያው ነበሩ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ ወላጅ አልባ የሆኑ የአርመን ልጆች ናስ ሲነፉ ሰምተው 40ዎቹን ይዘዋቸው ተመለሱ፤ ጉብኝቱ ለአገሩ ሙዚቀኛ ጓድ ሆነ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው መጽሐፍ ጽፈው መጡ። ያኔ ኮፍያና ቲሸርት ማሳተም አልተጀመረም ነበርና አይፈረድባቸውም።

የዚህ የልምድ ልውውጥ ሥልጣኔ ፍሬ ሙሉ በሙሉ የሚታየው ግን ወደፊት ነው። የእኛ ሰዎች ሐዋሳ ናቸው፤ የሐዋሳዎቹስ? ባሕር ዳር። የባሕር ዳሮቹ? አዳማ። የአዳማዎቹ ደግሞ እኛን ሊያዩ ወደ ጂንካ እየመጡ ነው። አንድ ቀን ወጪውና ገቢው ቡድን ወይጦ ድልድይ ላይ ፊት ለፊት መፋጠጡ አይቀርም። ወርደው ይሳሳማሉ፣ ባነር ለባነር ያስጠጋሉ፣ ዋናውንም ልምድ እዚያው ይለዋወጣሉ፤ «እናንተ ጋ አበሉ ስንት ገባ?»

ከዚያ አንድ ብልህ ሰው ይነሣና፣ ለምን እንመለሳለን ይላል። ቢሮው ኮስተሩ ውስጥ ይሁን። ኃላፊው ከሾፌሩ ኋላ፣ ጸሐፊዋ በር ላይ፣ ሒሳብ ሹሙ ቅድመ ክፍያውን ታቅፎ መጨረሻ ወንበር። መዝገብ ቤት ጣሪያው ላይ በሸራ ተሸፍኖ በገመድ ይታሰራል። ባለጉዳይ ቢሮ ድረስ መመላለሱ ይቀርለትና መንገድ ላይ ይጠብቃል፤ አርባ ምንጭ መግቢያ ላይ ሙዝ የሚሸጡት ልጆች እንደሚያደርጉት ማመልከቻውን ይዞ ከመኪናው ጎን ይሮጣል፣ በመስኮት ያቀብላል። መኪናው ኩርባ ላይ ቀዝቀዝ ሲል ቁጥር ይሰጠዋል፤ አቀበቱን ሲጨርስ ወደሚመለከተው ክፍል ይመራለታል። ለመሮጥ የማይችል አዛውንት የልጅ ልጁን ይወክላል። ዓመት ሳይሞላ «ሯጭ ጉዳይ አስፈጻሚ» የሚባል ሙያ ይፈጠራል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ቢሮ ግን እሱም መኪና ላይ ነውና ሯጭነቱን የሚያስመዘግበው ሯጭ መቅጠር ይኖርበታል።

ሐሙስ ሐሙስ መኪናው ቀይ አፈር ገበያ ይቆማል፤ ማር ሳይገዛ የሚያልፍ የለማ። ገበያውም ይደለደላል። በፍየሎቹ በኩል የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ በማሩ በኩል የይዞታ ካርታ፣ በቅሉ መደዳ የጡረታ ጉዳይ፣ ቅሬታ ያለው በሬ ተራ። ባለሙያው ቅሉን እያገላበጠ ፋይሉን ያገላብጣል፤ ከሁለቱ አንዱ ቀዳዳ አይታጣበትም። ቅዳሜ ዲመካ፣ ሰኞ ቱርሚ። የሐመር አርብቶ አደር ማሩን ሸጦ፣ ፍየሉን ገዝቶ፣ ፊርማውን ተቀብሎ በአንድ ቀን ወደ ከብቱ ይመለሳል። ባዶ የቀሩት ሕንፃዎች ደግሞ ለቱሪስት ይከፈታሉ፤ ዘበኛው በአንድ ፎቶ ይህን ያህል ብሎ እያስከፈለ «እዚህ ላይ ይቀመጡ ነበር» ብሎ ያስረዳል። በመጨረሻም የአዳማው ቡድን ይህን ድንቅ ተሞክሮ ሊቀምር ጂንካ ይመጣና ማንንም አያገኝም።

ጽፌ ሳነበው አንድ ነገር አስደነገጠኝ። በቀልድ የፈጠርኩት ቢሮ ዛሬ ካለው ይሻላል። ቢያንስ በገበያ ቀን ይገኛል፤ ቢያንስ አርብቶ አደሩ ወዳለበት ይሄዳል።

ወደ እኛ የሚመጡትንም አልረሳሁም። ደቡብ ኦሞ 16 ብሔረሰቦች የሚኖሩበት አገር ነው። እንግዶቹ አዳራሽ ውስጥ አንድ ቡና ከጠጡ በኋላ «የመስክ ምልከታ» ተብሎ ወደ ማጎ ይወርዳሉ፤ ፕሮግራሙ ላይ «የመልካም አስተዳደር ተሞክሮ» ነው የሚለው። የሚታዩት ሙርሲዎች ናቸው፤ ስለ አስተዳደር ግን አንድም ሙርሲ አይጠየቅም። ለአዳሩም ለምሳውም የሕዝብ ገንዘብ የተቆረጠለት ሰው፣ በሰሌዳ ኮድ 4 መኪና መጥቶ፣ ከንፈሯ ላይ ገል ካደረገች እናት ጋር ፎቶ ይነሣና ለጥቂት ብር ይከራከራታል። ይህ ነውር ነው። ሌላ ስም የለውም።

እስቲ ደግሞ ያለ ሽሙጥ ልጠይቅ። ዳሰነች ወረዳ ኦሞራቴ ድረስ የልምድ ልውውጥ ጉዞ ሲዘጋጅ የሰማ አለ? በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰው ገድሏል፤ በቅርብ ዓመታትም ዳግም ሞልቶ ሕዝቡን ከነከብቱ አፈናቅሏል። ጎርፉ ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ሲዘራ የኖረ ሕዝብ ነው። 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ 3 የወንዙን ጠባይ ከለወጠው ወዲህ ይኸው ሕዝብ መቼ ይዘራል፣ ከብቱን ወዴት ያሸሻል? ልምድ የሚሉት እዚያ ነው ያለው። ነገር ግን ኦሞራቴ ይሞቃል፤ አሞራ ገደልም የለውም።

ከጂንካ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለው የአሪ ገበሬ የእንሰት ጓሮ እንኳ ሰው የደረሰለት ከሩቅ ነው። የኪዮቶው ተመራማሪ ማሳዮሺ ሺጌታ መጥቶ፣ ገበሬው እንሰቱን በዓይነት በዓይነቱ ለይቶ እንዴት ጠብቆ እንዳቆየው ከራሱ ከገበሬው ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1990 አሳተመ። ጃፓናዊው እኛ ጓሮ ውስጥ ሲማር፣ እኛ ደግሞ የጃፓንን ካይዘን ልንማር ሌላ ከተማ ሆቴል ይዘናል። ካይዘን ከሚያወግዛቸው ሰባት ብክነቶች መካከል አላስፈላጊ መጓጓዝና አላስፈላጊ እንቅስቃሴ እንደሚገኙበት ሥልጠናው ላይ ሳይነገራቸው አይቀርም። ምናልባት የተነገረው ከምሳ በኋላ ይሆናል።

ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል። ያልተነካ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ ተመላሽ ያደረገም «የመፈጸም አቅም የለውም» ይባላል። ሰዎቹን ግንቦትና ሰኔ ላይ ከወንበራቸው የሚያስነሣቸው የእውቀት ጥማት አይደለም፤ ይህ ነው። መንገዱ ላይ ያለው ደግሞ የእኔና የእናንተ ግብር ነው።

መጓዝ ይቅር አልልም። የሚጓዝ ቡድን ግን ከመውጣቱ በፊት ምን ሊማር እንደሚሄድ፣ ስንት ሰው እንደሚሄድና ስንት ብር እንደሚወጣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፍ። ሁሉም አንዴ አይውጣ፤ መፈረም የሚችል ተወካይ ይቀመጥ። በተመለሰ በሦስተኛው ወርም ምን እንደተለወጠ እዚያው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ምንም ካልተለወጠ «ምንም» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ያ ሪፖርት ከቀረቡት ሁሉ የመጀመሪያው እውነተኛ ይሆናል።