ስለ ፍሬ ለቀማ ሥነ ሥርዓት የወጣ የድቦች አዋጅ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ በዋሽንግተን ግዛት በካስኬድ ተራሮች የምንኖር ጥቁር ድቦች (ቡናማውም ቀይ ዳማውም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ስም አውጪዎቹ እናንተ ናችሁ)፤

የበረዶውን ወራት ሳንበላ ሳንጠጣ ስለምንተኛ፣ ከዚያ በፊት በቀን እስከ 20,000 ካሎሪ መመገብ የኑሮ ግዴታችን በመሆኑ፤

ሃክልቤሪ የሚባለው የዱር ፍሬ የስንቃችን አንድ ትልቅ ክፍል ሆኖ ሳለ፣ ነሐሴ በገባ ቁጥር ከሲያትል ባልዲ አንጠልጥሎ የሚመጣ ሕዝብ ስለማይጠፋ፤

በ1932 እ.ኤ.አ. የያካማ ነባር ሕዝብ አለቃና የደን አገልግሎቱ ሹም ዛሬ ጊፎርድ ፒንቾት በሚባለው ደን ስለ ፍሬው ቦታ ተጨባብጠው ሲስማሙ፣ እኛን የጨበጠን ሰው ባለመኖሩ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ትርጓሜ
«ለቃሚ» ማለት ዓይኑን ቁጥቋጦ ላይ ተክሎ፣ ጆሮውን በኢርፎን ደፍኖ፣ ከኋላው ማን እንደቆመ የማያውቅ ባለ ሁለት እግር ፍጡር ነው። «የፍሬ ቦታ» ማለት ጓዳችን ነው።

አንቀጽ 2። ስለ አገባብ
ማንኛውም ለቃሚ ድምፁን እያሰማ ይገባል። ድብ በአብዛኛው የሚጣላው ሲደነግጥ ነውና። ሐበሻ የሰው ግቢ ሲገባ «ቤቶች!» ይል የለም? ያንኑ ይበል። እንዲያውም ሦስት ሐበሾች ፖለቲካ እያወሩ ከመጡ አዋጁን እንደፈጸሙ ይቆጠራል፤ ገና መኪና ሲያቆሙ ሰምተን ዘወር እንላለን። ወንዝ ዳር ግን እነሱም ቢሆኑ ድምፃቸውን ይጨምሩ፣ ውኃው ይውጠዋል። ቦርሳ ላይ የምትንጠለጠል ቃጭል አትበቃም። ብቻውን ዝም ብሎ የሚለቅም ሰው ጨዋ ቢመስልም በእኛ ሕግ ጥፋተኛ ነው።

አንቀጽ 3። ስለ ሩጫ
ከድብ ፊት መሮጥ ክልክል ነው። የኃይሌ ገብረሥላሴ አገር ልጅ መሆን ለይግባኝ አያበቃም። ኃይሌ በ2008 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ በ2:03:59 ሲገባ ፍጥነቱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ እኛ ከ50 እናልፋለን፣ ማራቶኑን መጨረስም አይጠበቅብንም። ዛፍ ላይ መውጣትም አያድንም፤ ከእናንተ በተሻለ እንወጣለን። ፊትን ወደ እኛ አድርጎ፣ እየተናገሩ፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መሸሽ ተፈቅዷል።

አንቀጽ 4። ስለ ግልገሎች
ግልገል ያየ ሰው እናቲቱን እንዳየ ይቆጠር። ለቲክቶክ ብሎ መጠጋት የለም። በነቢዩ ኤልሳዕ ዘመን ሁለት ዘመዶቻችን በ42 ልጆች ላይ የፈጸሙትን ሰንበት ትምህርት ቤት የዋለ ሁሉ ያውቃል፤ ያንን ፋይል መክፈት አንፈልግም።

አንቀጽ 5። ስለ በርበሬው
ለቃሚ የድብ መከላከያ የበርበሬ ርጭት ቀበቶው ላይ ይያዝ። ከምሳው ሥር የተቀበረ ርጭት እንዳልተያዘ ይቆጠራል። የሚረጨው የሚገሰግሰው ድብ ዘጠኝ ሜትር ያህል ሲቀር፣ ወደ ፊቱ ነው። እንደ ትንኝ መከላከያ ገላው ላይ የሚረጨውን ሰው እኛ አንቀጣውም፤ የሚጥሚጣን ሥራ ሚጥሚጣ ይሠራዋል።

አንቀጽ 6። ስለ ግጭት
ጥቅማችንን ቢጎዳም ሐቁን እናውጅ፦ ጥቁር ድብ የያዘው ሰው ይታገል፣ የድቡን ፊትና አፍንጫ ይምታ። ይህ ግን ሞንታና ያሉትን፣ ትከሻቸው ላይ ጉብታ ያላቸውን ግሪዝሊዎች አይመለከትም። ደንግጦ የተቆጣ ግሪዝሊ የያዘው ሰው በሆዱ ተኝቶ፣ ማጅራቱን በእጆቹ ሸፍኖ፣ እስኪሄድ ዝም ይበል። ሁለቱን ያምታታ ለቃሚ አቤት የሚልበት ችሎት አላቋቋምንም።

አንቀጽ 7። ስለ ምሳ
ጥብሱና እንጀራው መኪና ውስጥ ተቆልፎ ይቆይ፣ ፍርፋሪም አይጣል። እዚህ ላይ አንቀልድም። የሰው ምግብ የለመደ ድብ ወደ ሰው መመላለሱን አይተውም፤ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ጥይት ነው፣ ፈራጁም የእናንተ መንግሥት ነው።

ይህ አዋጅ ፍሬው ከበሰለበት ቀን ጀምሮ እስክንተኛ ድረስ የጸና ይሆናል። ቅሬታ ያለው በሚያዝያ ይምጣ፤ እስከዚያ ጽሕፈት ቤቱ ተኝቷል።